ማን ያጥበኛል

ሐሙስ፣ ጥር 5 ቀን 75 ዓ.ም.

ሱቅ በጊዜ ዘጋሁ። ከፈኔን ቆርጬ አስቀመጥኩ፤ ከራሴ ጣቃ፣ ከመጨረሻው አቡጀዲ። የቀበሌ ሱቅ የሚሸጠውን ወንፊት ለብሼ አልቀበርም። ጎባ ያየኝ ሐኪም የጡቴ ቁስል እንደማይሽር ነግሮኛል። አልሸነገለኝም። ከሮቤ እስከ ጎባ ሰው ብዬ የምቆጥረው እሱን ብቻ ነው።

መቃብሬ አባቴ ጎን ነው፤ ወንድሜ ሁሴን እሺ ብሏል። አንድ ነገር ቀረ። ማን ያጥበኛል? አጣቢ ሬሳው ላይ ያየችውን መሸፈን አለባት፣ ሸሪዓው ይህን ይላል። የዚህ ከተማ ሴት ግን ድስቷን እንኳ አትከድንም። ቁስሉን ለዘመድ አላሳየሁም። መሞቱን አልፈራውም፤ ወሬውን እፈራለሁ። ለአንተም የምነግርህ፣ ደብተር፣ አፍ ስለሌለህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 7

ማን አለኝ? አዴ ኑሪያ፣ የከተማው ሬሳ አጣቢ። ሙስበሃዋ፣ መቁጠሪያዋ፣ ከእጇ አይወርድም፤ ሰው ሲያያት ይፈጥናል። የአጎቴ ልጅ ሞሚና፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊ/መንበር፤ የአብዮቱ ምስጢር በእኔ እጅ ነው ባይ። ከዚያ የሁሴን ሚስት ሸምሲያ። ጠዋት ስለ ሽንኩርት ታወራለች። ማታም ስለ ሽንኩርት።

ብልሃት መጣልኝ። ለእያንዳንዳቸው የውሸት ምስጢር ሰጠሁ። የማን አፍ እንደሚያፈስ ልይ። ለኑሪያ ግራ እግሬ ስድስት ጣት አለው አልኳት። ወላሂ ከእኔ አይወጣም አለች፣ ማይልኝ ሳልላት። ለሞሚና ሆዴ ሙሉ ንቅሳት ነው። ለሸምሲያ ከሻሼ ሥር መላጣ ነኝ። አፏን ከፍታ ቀረች። እሷማ እስከ ዙሁር ሶላትም ሳታወራ አትቆይ።

ሐሙስ፣ ጥር 12

ገበያ ዋልኩ። ጨው ሻጯ «አካም ጂርቱ» ብላ ሰላም ትለኛለች፣ ዓይኗ ግን ጫማዬ ላይ ነው። ጎረቤቷም እንደዚያው። አንዷ ልጇን ጎሸም አድርጋ እግሬን አሳየቻት። ኑሪያ ወደቀች። ስንቷ ምስኪን በእሷ እጅ ታጥባ መቃብር ገብታለች፤ ገመናዋ ከጨው ጋር ሲቸረቸር ነው የኖረው።

ሰኞ፣ ጥር 16

የቀበሌ ስብሰባ። መድረኩ ላይ ሞሚና። ስለ ኋላ ቀር ባህል ረጅም ንግግር፤ በተለይ ገላን ስለ መነቀስ፣ በተለይም ሆድን። ጓዶች ዞረው አዩኝ። አጨበጨብኩላት፣ ምን ላድርግ።

ሻሼን ግን እስካሁን ማንም አላየውም። ረስታው ይሆናል። የሸምሲያ ጭንቅላት ነገር አይዝም።

ዓርብ፣ ጥር 20፣ ከጁምዓ በኋላ

ሁሴን መጣ። የጠጉሬን ነገር በዘዴ አነሳሁበት። ምንም አያውቅም። ለባሏ እንኳ አልነገረችም! ተናደድኩ። ምስጢር ጠባቂዋ እሷ ሆና እንድትገኝ አልፈለግኩም ነበር።

እሱ እንደ ወጣ ሸምሲያ በጓሮ በር ገባች። ከሻርፗ ሥር በትንሽ ጣሳ ቅቤ ይዛለች። ለራስ ጠጉር ጥሩ ነው፣ ሰው ሳያየን ልቀባዎት ትላለች። ራሴን አሞኛል ብዬ ሰደድኳት። ጣሳውን ትታ ሄደች።

እሑድ፣ ጥር 22

አስጠራኋት። ሻሼን ፈታሁ፤ ጠጉሬ እንዳለ ነው። እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ቀሚሴን ከፍቼ ቁስሉን አሳየኋት። አልደነገጠችም። ለካ ከአረፋ ጀምሮ ታውቃለች፤ ለበዓሉ ልብሴን ወስዳ ስታጥብልኝ መግሉን አይታ ኖሯል። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ያልነገሩኝን እኔ ምን ብዬ ላውራ?» አለች። ወዲያው ወደ ሽንኩርቷ ገባች፤ ዘንድሮ ውርጩ መታው አሉ።

አፈርኩ። ማፈር ደግሞ አልወድም። ይሁን፣ ወሰንኩ፤ የምታጥበኝ ሸምሲያ ናት። ነገ ለሁሴን እነግረዋለሁ፤ ኑሪያ ደጄን እንዳትረግጥ። ይህ ማለት ወደድኳት ማለት አይደለም። ወጧ ዛሬም ውሃ ነው።

ይኸው ከጓዳ ትጣራለች። ውሃ አሙቃለች። ቁስሉን ዛሬውኑ ልጠብልዎት፣ እስኪሞቱ ምን ያስጠብቀናል ትላለች። ደፋር። መጣሁ ብያታለሁ፤ ልዝጋህ፣ ደብተር።