ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እማማ

ልጄ፣ በሄድሽበት ደጁ ሁሉ ይከፈትልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ወገብ ተሽሎታል።

የላክሽውን፣ በሰው አገር የምትኖሪበትን ሕንፃ ፎቶ አይቶ ግን አላምን አለ። ግድግዳው መስኮቱ ሳይቀር ተገጥሞለት በመኪና ይመጣል? ክሬን አንስቶ ይደረድረዋል? አርባ ዓመት ድንጋይ ሲገነባ የኖረ ሰው፣ «ታዲያ ግንበኛው ምን ይሠራል?» እያለ መንደሩን አዳረሰ። ውስጡስ ምንድን ነው? በጣትሽ ኳ ኳ አድርጊና በስልክ አሰሚው፤ ባዶ ከሆነ በድምፁ ይለየዋል።

ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እማማ ሲያስነጥሱ ይሰማኛል ያልሽውን ሳነብለት፣ «ስስ ነዋ!» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ደስ አለኝ። አንቺም ብታመሚ ይሰሙሻል ማለት ነው።

ጣሪያሽን ያጽናልሽ። አደራ፣ ሲያስነጥሱ ጮክ ብለሽ «ይማርዎ» በያቸው። በኛ ቋንቋም ቢሆን ይገባቸዋል።

እናትሽ