በቅሎዋ ተገኘች ወይ?

ወንድምዓለም ይሻው፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እዚህ ደብረ ታቦር ዳር ከብርዱ ጋር እየተጣላን፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ አለን።

በቴሌግራም የላክኸውን ልብ ወለድ እስከ ደረስህበት ድረስ ለአባባ አነበብሁላቸው። ሽማግሌው የጠፋች በቅሎውን ሊፈልግ ሐሙሲት ገበያ ሲገባ፣ «ይኼ ልጅ በቅሎ ጠፍታበት ሳያውቅ እንዴት አወቀው!» ብለው በኩራት ሳቁ። እኔም ይገርመኛል። የበቅሎ ነጋዴውን ክፉ ነው ሳትል፣ የእንስሳዋን ጆሮ ሲጠመዝዝ ብቻ አሳይተህ አስጠላኸኝ። ለመሆኑ ማስተማሩን ሳትለቅ ይህን ሁሉ መቼ ትጽፈዋለህ?

ሌላው ወሬ ደህና ነው። ገብሱ ታጨደ። አባባ ዘንድሮ አውድማ አልወረዱም፤ ታናሻችን ሙላቴ ወቃው። የማኅበር ተራቸው ሰኔ ነበር፤ ለምነው ወደሚመጣው ወር አስቀደሙት። ማኅበርተኞቹ «ምን አስቸኮለዎት?» ቢሏቸው፣ «ጠላው ደርሶብኝ ነው» አሉ። እማማ ግን ገና ጌሾ እንኳ አልወቀጡም።

አባባ አሁን ባዩኝ ቁጥር ካልጋቸው ቀና ብለው፣ «በቅሎዋ ተገኘች ወይ?» ይሉኛል። ደራሲ ጽፎ ካልደረሰበት መጨረሻውን አያውቀውም ያልኸኝን አልረሳሁም፤ አምንሃለሁም። ግን መጨረሻውን አስቀድሞ የሚጽፍ ደራሲ የለም? ካለ፣ ለዚህች ለአንዷ እንኳ እንደሱ አድርግ።

አባባ «እጁ ይባረክ» ብለውሃል፤ እማማም ጉንጭህን ስመውሃል። መሃሉን ለእኔ ቀስ ብለህ ትልክልኛለህ።

እህትህ ፈንታነሽ