የማጣበቂያው ሽታ

ለማትጠገቢው እታለም፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፤ አንቺስ ከነልጆችሽ እንዴት ከርመሻል?

ጫማ ፋብሪካው ውስጥ ማጣበቂያው ሲሸተኝ ያስመልሰኝ ነበር። አዋላጇ ከእጅ አንጓዬ ወደ ክንዴ ሦስት ጣት ለክታ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል መጫን አስተማረችኝ፤ ያስታግሳል። "ባልሽ ይጫንልሽ" ብላኝ ነበር፤ እሱ እንደሆነ ሾፌር ነው፣ ውሎ አዳሩ መንገድ ላይ። ራሴ ስጫነው ሰው እጄን የያዘኝ ይመስለኛል።

ከትናንት ወዲያ ግን ማቅለሽለሹ ድንገት ተወኝ። የሥራ ጓደኞቼ "እሰይ!" አሉኝ። አምናም እንዲሁ ድንገት ነበር የተወኝ፤ ያኔ ከሐኪም ቤት ባዶ እጄን ስመለስ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠሽ ያባበልሽኝ አንቺ ነበርሽ። አትሳቂብኝና፣ ዛሬ የማጣበቂያውን ቆርቆሮ ከፍቼ አፍንጫዬን ደፋሁበት። ምንም አላለኝም። ደግሜ አሸተትኩት።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። የሠራሻትን የሕፃን ኮፍያ ለጊዜው አትላኪያት፤ እዚህ ብርዱ ገና አልገባም።

የምትወድሽ ታናሽሽ