ቢጫው እርድ አልነበረም

ሔራን፣

ሺፍቴ ደርሷል፣ እየወጣሁ ነው። ሻምበል ጭራውን አጥፎ ሶፋው ሥር ተኝቷል፤ አትቀስቅሺው።

ጠዋት ቬት ጋ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ፣ ወሰድኩት። ጉበቱ ነው አሉ። ክኒኑን ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ፣ በባዶ ሆዱ ስጪው። ከሰጡን የታሸገ ምግብ ሌላ ምንም አይቅመስ፣ ቢለማመጥሽም። ካስመለሰው፣ ወይም ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከቆመ፣ ወዲያው ቬቱን ኮል አድርጊ። ሐሙስ ደሙን መልሰው ያዩታል።

እኔን እንዳትጠይቂኝ።

እኔ ነርሲንግ ሆም ቀኑን ሙሉ የአዛውንት ዓይን እየገለጥኩ ሳይ የምውል ሰው ነኝ። የሱን ግን አንዴም ገልጬ አላየሁም። ሦስት ቀን ምግብ እምቢ ብሎ ሲተኛ፣ ድዱ ቢጫ ሲሆን፣ "አልጫሽን ሰርቆ በልቶ ጠግቦ ነው፤ እርድ ነው" አልኩሽ። ድዱን በሶፍት ጠረግኩት። አልለቅ ሲለኝ የእርዱን ጥራት አደነቅኩ።

ከሄድሽበት ከአሌክሳንድሪያ ደውለሽ "ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስገባሁት" ስትዪኝ ስለ ዝርክርክነትሽ ሌክቸር ሰጠሁሽ።

ዛሬ ፍሪጁን ከፈትኩት። ድስቱ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ክዳኑም አንቺ እንደገጠምሽው ነው።

ሩሃማ