የደረቴ ልክ

ጥር 5
ዛሬ ሥራ ገባሁ። ከሁለት ወር በኋላ! ሮላ ገበያው ያው ነው፣ የዓረብ አገሩ ግርግርም ያው። ስፌት ቤቱ ደግሞ... ሰፊያ ወንበሬ ላይ ማንንም አላስቀመጠችም አሉ። አብራኝ የምትሰፋ የወሎ ልጅ፣ እንደ እህቴ ናት። ጣቃውን ሁሉ ራሷ እያነሳች እኔን አላስነካ አለች። እጄ ግን ሙያውን አልረሳም። ከዚህ እስከ ሙዋይለህ ሰፈር ያለች ሐበሻ የኔን ስፌት ታውቃለች፤ በከንቱ አይደለም።

ግራ ጡቴን ያወጡት ኅዳር ላይ ነው። ቦታውን እስካሁን አላየሁትም። ስታጠብ ጣራ ጣራውን ነው የማየው።

ጥር 9
አንድ ክፍል የምንጋራው ሔለን ልታገባ ነው። የካቲት 1፣ አጅማን ከተማ። ካለ አንቺ ሚዜ አልፈልግም አለችኝ። እሺ አልኳት። ለምን እሺ አልኩ?

ጥር 14
የሚዜዎቹን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ልካቸውን ወሰድኩ። የራሴን ከደብተሩ ገለበጥኩ፣ አምና የጻፍኩትን። ደረት 94። ቆረጥኩትም። ሜትሩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ! ለጀማሪዎች "አሥር ጊዜ ለክታችሁ አንዴ ቁረጡ" የምለው ማን ነበር?

ጥር 21
ቀሚሴን ለብሼ ለካሁት። ቀኙ ልክክ አለ። ግራው ተሸብሽቦ ወደቀ። ጥጥ ጎሰጎስኩበት፤ ቁጭ ስል ጥጡ ወደ አንገቴ ወጣ። ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ብዙ።

ሰፊያ ገባች። ጥጡን ከአንገቴ ሥር አየችው።
"ጥጡን ተይው አልጣሽ፣ በቃ፣ ኸላስ። ለሰው በግምት ቆርጠሽ አታውቂም፤ ለራስሽ ለምን?"
ልለካሽ ወይ አለችኝ። አይ፣ ራሴ አልኳት። መጋረጃውን ዘግታልኝ ወጣች።

መስታወቱ ፊት ቆምኩ። አየሁት... ከብብቴ እስከ ደረቴ መሀል፣ ቀጥ ያለ መስመር። የሐኪሙን ስፌት በባለሙያ ዓይን አየሁት። አንድም ቦታ አልተጨማደደም፤ ጥሩ እጅ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የሸሸሁት ይሄን ነው? ፈራሁ፣ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም። ቀኝና ግራውን ለየብቻ ለካሁ።

ጥር 25
ግራውን ፈትቼ እንደገና ቆረጥኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

የካቲት 2
ትናንት ሔለንን ዳርናት። ጥጥ የለ፣ ስፖንጅ የለ። ግራውን በልኩ አጥብቤ፣ ጥለቱን ከትከሻዬ በዚያው በኩል አወረድኩት። ሔለን ስታየኝ አቀፈችኝ፤ ሜካፗ ተበላሸ። አዳራሹ መሀል አንዲት የማላውቃት ሴትዮ መጥታ ቀሚሱን ማን ሰፋልሽ አለችኝ።
"እኔ" አልኳት።
ለልጇም ልክ እንደዚህ፣ ጥለቱ በአንድ ጎን እንዲሆንላት ትፈልጋለች። ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ በቀሚሱም በገላዬም።

ዛሬ ጠዋት ሥራ እንደገባሁ ደብተሩን አወጣሁ። የአምናውን ሰረዝኩና ከሥሩ ጻፍኩ፦
አልጣሽ። ደረት፣ ቀኝ 47፣ ግራ 41።