በአንተ ቁመት የተሰቀለው መደርደሪያ

ታዴ የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት። ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። የቶጎና ወንዝ ሞልቶ ከጓሯችን ስር እያጉረመረመ ነው። ዛሬ ግን ላለቅስብህ አይደለም የተቀመጥኩት፤ ወሬ አለኝ። ወሬ ሲኖረኝ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ለአንተ ካልነገርኩት ሆዴን ይነፋኛል።

ማድ ቤቱን አሳደስኩት! እውነቴን ነው። ያ ጥላሸት የጠጣው ጭቃ ግድግዳ ተፋቀ፣ ተለሰነ፣ ነጭ ተቀባ። ውሃ በቧንቧ ገባልኝ፤ ከእንግዲህ ባልዲ ማንጠልጠል ቀረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እንዳትቆጣ ብቻ፣ በወንዙ በኩል መስኮት አስከፈትኩ። ትልቅ ባለመስታወት መስኮት!

ስንቴ ተጨቃጨቅንበት? ወንዝ ዳር ቤት ሠርተህ ወንዙን ከእኔ የደበቅክ ሰው። ስንት ዘመን ድምፁን እየሰማሁ ፊቴን ለጭፍን ግድግዳ ሰጥቼ አበሰልኩ። መስኮት ይውጣልኝ ባልኩህ ቁጥር፣ «አልሚ፣ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ብርድ በገዛ እጅሽ ልትጋብዥው ነው?» ትለኝ ነበር። እሺ፣ ልክ ነበርክ። ብርዱ በጠርዙ እያፏጨ ይገባል። ጋቢህን ደርቤ ነው ሽንኩርት የምከትፈው። ግን ታዴ፣ ብታየው! ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ፣ ከማዶ ጥጆች ወርደው ሲጠጡ፣ ሴቶቹ ልብስ እያጠቡ ሲሳሳቁ፣ ሁሉንም ሳህን እያጠብኩ አያለሁ። አንዳንዴ የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ።

ጎረቤታችን አደ ፋጡማ ገና ከበር ስታየው «ወላሂ፣ ይሄ ማድ ቤት ሳይሆን ሳሎን ነው፤ ጫማ ላውልቅ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን፣ ተጫወትን። እሷ ስትሄድ ግን ቤቱ ጭር ይላል። አዲስ ነገር ሠርተህ «እንዴት ነው?» ብለህ የምትጠይቀው ሰው ሲጠፋ፣ ደስታው ራሱ እጅህ ላይ ይቀራል፤ የት እንደምታስቀምጠው አታውቅም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ልጃችን ሶሬቲ፣ ሮቤ ከተማ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ፣ ቤቱን እናከራየው እያለች መያዣ መጨበጫ አሳጥታኛለች። «እማዬ፣ ብቻሽን ወንዝ ስትሰሚ ልታረጂ ነው?» ትለኛለች። ክፋት የላትም፣ ታስብልኛለች። እኔም ማድ ቤቱ ይለቅና መልሴን ነይና እይው አልኳት። እዚሁ ቤቴ እኖራለሁ ማለቴ ነበር። በአፌ ብናገረው የምሸነፍ መስሎኝ በሲሚንቶ ልነግራት ፈለግኩ።

እሑድ መጣች። መስኮቱን ስታይ ፊቷ ፈካ፤ እጇን ታጥባ ውሃውን ስታይ ቆየች። በልቤ፣ በቃ አሸነፍኩ አልኩ። እሷን ሳሎን አስቀምጬ፣ የምትወደውን የገብስ ገንፎ ላገነፋላት ለብቻዬ የማልነካውን ትልቁን ብረት ድስት ላወርድ ወደ አዲሱ መደርደሪያ እጄን ዘረጋሁ። አልደረስኩም። በእግሬ ጣቶች ቆምኩ። አሁንም አልደረስኩም። ከዚያ አፌ ከእኔ ቀድሞ፣

«ታዴ፣ ና አውርድልኝ!»

አለ። ጮክ ብዬ። እንደድሮው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ከአጋርፋ ያስመጣሁት አናጺ ገመቹ፣ «እትዬ አልማዝ፣ መደርደሪያው የት ጋ ይሁን?» ሲለኝ፣ መጥረጊያውን አንስቼ በእንጨቱ እዚህ ጋ ብዬ አሳየሁት። አላሰብኩበትም። ለእኔ መደርደሪያ የሚባል ነገር ያለው እዚያ ነው፣ የአንተ እጅ የሚደርስበት። ከላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ የምታወርድልኝ አንተ ነበርክ። ዕቃዎቹንም የደረደረልኝ ያው ገመቹ ነው፤ እሱም እንደ አንተ ረጅም ነው። በበሩ ጎንበስ ብለህ ስትገባ አደ ፋጡማ በአጥር አይታህ «ታደሰ፣ ደግሞ ወጥ ልታማስል ነው?» እያለች ስትተርብህ፣ «ኧረ ቁመቴን አበድሬያት ልመለስ ነው!» ትላት አልነበር?

ሶሬቲ ጥሪዬን ሰምታ መጣች። ድስቱን ልታወርድልኝ ተንጠራራች፤ እሷም አልደረሰችም፣ ቁመቷ የእኔ አይደል። ሁለት አጫጭር ሴቶች ከመደርደሪያው ስር ቆመን ወደ ላይ አንጋጠን ቀረን። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ አልሳቅኩም። እሷም አቀፈችኝና ቀስ ብላ «አየሽ እማዬ? አሁንም ለሁለት ሰው ነው የምትሠሪው። እዚህ ከሆንሽ ሁልጊዜ ስትጠሪው ትኖሪያለሽ» አለችኝ።

ገንፎውን በትንሹ ብረት ድስት ሠርቼ በላን፤ ሳይመሽባት ወደ ሮቤ ተሳፈረች። እኔም መስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ፣ ልጄ ልክ ብትሆንስ ስል ነበር።

በማግስቱ ገመቹን ጠራሁት። መደርደሪያውን አውርደህ እዚህ ጋ አድርግልኝ አልኩት፤ በዚህኛው ጊዜ በመጥረጊያ ሳይሆን በገዛ እጄ፣ ሳልንጠራራ ለካሁለት። «እትዬ፣ ባለፈው ወንበር ላይ ቆመው ነበር እንዴ የለኩት?» ብሎ አሾፈብኝ። አዎ፣ ወንበር ላይ ነበርኩ አልኩት። ምን ልበለው?

ነቅሎ ዝቅ አድርጎ ሰቀለው። ድስቱን አነሳሁ፣ መለስኩ፣ ደግሜ አነሳሁ፤ እንደ ሕፃን። ማንንም ሳልጠራ! ለሶሬቲም ደወልኩና «መደርደሪያውን ዝቅ አስደረግኩት፤ ደረስኩበት» አልኳት። «እሺ እማዬ» አለች። ስለ ማከራየቱ አላነሳችም። በየእሑዱ እመጣለሁ ነው ያለችኝ።

ገመቹ ግን አልጨረሰም ነበር። ጀሶ በጥብጦ፣ ላይኛው ግድግዳ ላይ ምስማሮቹ የተዉአቸውን ቀዳዳዎች ሊደፍን መሰላል ላይ ወጣ። ተወው አልኩት። «ነጭ ግድግዳ ላይ? እትዬ፣ ያስነውራል እኮ፤ የእኔን ስም ነው የሚያጠፉብኝ!» ብሎ ተቆጣ። ተወው፣ እኔ ነኝ የማየው አልኩት። እያጉረመረመ ወረደ።

መደርደሪያው የእኔ ቁመት ላይ ነው፣ የኔ ጌታ። ቀዳዳዎቹ የአንተ ላይ ናቸው። ማንም አይደፍናቸውም። እዚህ እስካለሁ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ድስቴን ካነሳሁ በኋላ ወደዚያ ቀና እላለሁ። አልጠራህም፤ ቀና ብቻ እላለሁ።

ያንተው አልሚ