የእማዬ እንስራ ስንት ሊትር ነው?

ለምወድሽ እህቴ ለዮርዳኖስ፤

ሰላምታዬ በጣሳ ሳይሆን በጋን ተሰፍሮ፣ ካፉም ሞልቶ እየፈሰሰ ጅግጅጋ ድረስ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? ሕሊናስ እንቅልፍ ትሰጥሻለች ወይስ እንዳንቺ ሌሊቱን ቀን አድርጋዋለች? አዛናውስ እንዴት ነው? አባት መሆን ተስማማው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ፋና ደህና ናት፤ በቆሎውም ተሰብስቦ ገብቷል። እኔ እንደምታውቂኝ ፍኖተ ሰላምን ከደጅ ደጅ እየዞርኩ የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ፤ የከተማው ውሻ ሁሉ በስሜ የሚያውቀኝ ይመስለኛል።

የእማዬን ነገር ግን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ ደብዳቤው ሁሉ የእሷ ነውና። ይህን ወረቀትና ጌሾውን ማን እንዳመጣልሽ አንቺ አስቀድመሽ አይተሻል። እኔ ግን ወሬዬን በተራው ካልተናገርኩ ስለማይጥመኝ፣ እዚያ እስክደርስ ታገሺኝ።

ኅዳር ላይ ደውለሽ ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። የሕሊና ክርስትና ጥር ዐሥራ አምስት ቀን ነው፤ እማዬ መምጣት ካልሆነላት ቢያንስ ጠላዋ ይቁምልኝ ብለሽ አለቀስሽብኝ። ለመስቀል የጠመቅሽው ጠላ እንዴት እንዳዋረደሽም ያኔ ነው የነገርሽኝ። እማዬ በስልክ ለአንድ ቁና ጌሾ ሦስት እንስራ ውሃ ስትልሽ፣ ጎረቤትሽ እንስራ ማለት ዐሥራ ሁለት ሊትር ነው አለችሽ፤ አንቺም አምነሽ በዚያው ለካሽ። ከድሬዳዋ የመጡት አማትሽ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ጫማዬ ጠፋ ብለው ቤቱን ሲያምሱ ጫማው እግራቸው ላይ ነበር። ይቅር በይኝና እኔ በሳቅ ሞቻለሁ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ሠላሳ ስድስት ሊትር ምን ያህል እንደሆነ በጀሪካን ባሳያት፣ ልጄ ሰው ልትገድል ነበር ብላ አማተበች። ከእንግዲህ ልክ በስልክ አይነገርም፣ እንስራዬን በሊትር መንዝረህ በወረቀት ጻፍላት ብላ አዘዘችኝ።

እኔም ደረቴን ነፋሁ። የከተማውን ውሃ በሜትር ኪዩብ የማነብ ሰው የእናቴ እንስራ እንዴት ያቅተኛል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብተርና ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዤ ወደ ገጠር ቤታችን ወጣሁ። መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ጠየቅኋት። አንድ ገንቦ ስንት ዋንጫ ይወጣዋል ብላት፣ እንደ ጠጪው ነው አለችኝ። ጋኑ ስንት እንስራ ውሃ ይፈልጋል ብላት፣ ለክርስትና ሦስት፣ ለደቦ አራት አለችኝ። ጋኑ አንድ፣ ጌሾው አንድ፣ ውሃው እንዴት ሁለት ዓይነት ይሆናል ብዬ ብሟገታት፣ የደቦ ሰው የሚመጣው ውሃ ጠምቶት ነው፣ የክርስትና ሰው ግን ሊያማ ነው የሚመጣው አለችኝ። ይህን በየትኛው መስመር ልጻፈው?

በመጨረሻ በእጄ ለካሁ። ያቺ ጆሮዋ የተነቀለው ጣሳ ልክ አንድ ሊትር ናት። ቅሏ አራት ጣሳ ትይዛለች። እንስራዋ ደግሞ ሦስት ቅልና ሦስት ጣሳ፣ ማለትም ዐሥራ አምስት ሊትር። እንግዲህ ሦስት እንስራ አርባ አምስት ሊትር ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ አሰመርኩበት፤ የቢሮ ልማድ ሆኖብኝ ፈረምኩበትም።

ደብዳቤ መጠበቅ አቅቶኝ ያንን በስልክ ስነግርሽ ግን ደስ አላለሽም። እኔ የምፈልገው ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ስንገባ በዚያች ጣሳ የምትሰጠንን፣ ለስለስ ያለውን፣ ጠጥተን ኳስ የምንጫወትበትን ነው አልሽኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። የዛሬው የእማዬ ጠላ መች ለስላሳ ሆነና! ሁለት ዋንጫ የጠጣ ሰው በሩ የት እንደነበረ ይጠይቃል። ጎረቤታችን መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የእትዬ አደይ ጠላ እንደ ቅኔ ነው፣ ሰሙ ቀላል ወርቁ ከባድ እያሉ ማኅበሩን ያስቁበታል። ሰዉም እጇ ከዓመት ዓመት በረታ እያለ ያደንቃል፣ እኛም እንኮራለን። ጌሾው ያው፣ ብቅሉ ያው፣ እንስራው ሦስት፤ ታዲያ ያ ለስላሳው ጠላ የት ሄደ? ለክርስትናሽ የሚቆመው የእማዬ ጠላ ይሁን ብዬ ቃል ገብቼልሻለሁ፤ የትኛው የእማዬ ጠላ እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

ነገሩ የተፈታው ቡሬ ላይ ነው። ቡሬ ገበያ ቅቤና ማር የሚሸጡትን የእማዬን ባልንጀራ እትዬ ፋጢማን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ያኔ በሄድን ቁጥር ጣታችንን ማር ውስጥ የሚያስነክሩን። ለክርስትናሽ ማር ልገዛ እቤታቸው ብገባ፣ ግቢያቸው ጥላ ሥር ለውዱ፣ ለሶላት መታጠቢያ ማለት ነው፣ ውሃ የሚያኖሩበት እንስራ ቆሟል። አንገቱ ላይ የተቀረጸውን ጥልፍ ሳይ እግሬ ቆመ። የእማዬ የድሮው እንስራ ጥልፍ ነው። እሳቸውም ገና ሙሽሮች ሳሉ ሁለቱም በአንድ ቀን ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ሁለት መንትያ እንስራ እንደገዙ ነገሩኝ። አስፈቅጄ ባዶውን እንስራ በሃይላንዴ መሙላት ጀመርኩ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ገለበጥኩ፤ የአሁኑ የእማዬ እንስራ ቢሆን ስምንተኛው ላይ ፈስሷል። ይሄኛው ገና መጠጣቱ ነው። ዐሥራ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሞላ፤ ሃያ አራት ሊትር።

ይሄማ የእናቴ እንስራ መንትያ ሊሆን አይችልም፣ የእናቴ ዐሥራ አምስት ነው ብዬ ብከራከር፣ እትዬ ፋጢማ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ አስቀምጠው ነገሩኝ። የመጀመሪያው እንስራ የተሰበረው አንቺ ዘጠነኛ ክፍል በገባሽበት ዓመት ነው። እማዬ ምትኩን ስትገዛ አነስ ያለ መረጠች። እሱም ሲሰበር ከእሱ ያነሰ ገዛች። ለእኛ ትልቅ እንስራ ከገበያ ጠፋ፣ የዘንድሮ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ትሰስታለች ትለን ነበር፤ እኛም አብረን ያቺን ምስኪን አማናት። ለካ ትልልቁ በረድፍ ተደርድሮ ሳለ፣ አንዱን እያስቀመጠች ሌላውን እያነሳች በጀርባዋ የምትሞክረው እማዬ ናት። ወገቤ እምቢ አለኝ፣ ለልጆቹ እንዳትነግሪብኝ ብላ አስምላቸው ኖሯል።

ገባሽ አይደል? ስሙ ያው እንስራ ነው፣ ቁጥሩም ያው ሦስት ነው፤ እንስራው ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሳይታወቀን አነሰ። ሰዉ እጇ በረታ ሲል ወገቧ ነበር የደከመው። እዚያ ግቢ ቆሜ ሳቄም እንባዬም ባንድ ላይ መጣብኝ። የሰው ሁሉ ቆጣሪ በየወሩ አነባለሁ፣ የእናቴን ግን ይህን ሁሉ ዓመት አላነበብኩም። እትዬ ፋጢማ ሌላም ጨመሩልኝ። እማዬ ጅግጅጋ አልሄድም፣ መኪና ያዞረኛል የምትለው ሰበብ ነው። ልጅቷን ማዘል ካልቻልኩ አያት ተብዬ ምን ልሠራ እሄዳለሁ፣ እንስራ ያቃተው ጀርባ ልጅ ይዞ ቢወድቅስ ብላ ነው የቀረችው።

እንስራውን ከእትዬ ፋጢማ ተውሼ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሙሽራ አቅፌው መጣሁ። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ክፈል ብሎኝ ነበር። ውሃውን ከቦኖው ሦስት ጊዜ የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ በጀርባዬ አዝዬ። ወንድ እንስራ አዝሎ ሲያዩ የመንደሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ አንዷማ ሙሽራዬ ሆይ ብላ ዘፈነችልኝ። ፋና ለሦስት ቀን ጀርባዬን በቅቤ እያሸች ስቃብኛለች። በዚያ ውሃ እማዬ ጠመቀች፤ ባለፈው እሑድም ተከፈተ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቀምሰው ስንት ውሃ ገባበት አሉ። ሰባ ሁለት ሊትር ስላቸው፣ እንግዲያው የአርድእቱ ቁጥር ነው፣ ቀጠነ ብሎ ማማት ኃጢአት ነው ብለው ዋንጫቸውን ደገሙ።

እማዬ ግን አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ዋንጫዋን አስቀመጠች። ይሄ ዮርዳኖስ ከትምህርት ቤት ስትገባ የምትጠጣው ነው አለች። ወዲያው እንስራውን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ፋጢማ ምላሷን አትሰበስብም አለች። ለዮርዳኖስ ልኩን ጻፍላት፣ ምክንያቱን ግን እንዳትጽፍባት፣ በሰው አገር ሆድ ይብሳታል አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። ፊደል አለመቁጠሯ ዛሬ ለእኔ ጠቀመኝ፤ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ያንኑ ቀን የሕሊናን ፎቶ ስልኬ ላይ እያየች ስንት ሆነች አለችኝ። አዛናው አምስት ኪሎ ገብታለች ብሎ የላከልኝን ነገርኳት። ኪሎ ለእሷ የሽንኩርት ነው። በእኔ እንስራ ስንት ትሆናለች አለችኝ። እንደዚህ ያለ ስሌት ተሰጥቶኝ አያውቅም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አምስት ኪሎ አምስት ጣሳ ነው፤ አምስት ጣሳ ደግሞ የአሁኑ እንስራሽ ሲሶ ነው አልኳት። ሲሶ ብቻ? አለች። ሲሶ ብቻ አልኳት። አላመነችኝም። ትንሹን እንስራ አምጥታ አምስት ጣሳ በፊቷ አስቆጠረችኝ፤ ከዚያ አዘለችው። ከምድጃው እስከ በሩ ሄደች፤ ከበሩ እስከ ግቢው ዛፍ ሄደች፤ አንድ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ እንስራውን መታ መታ እያደረገች ዞረች። ሳታወርደው መጥታ፣ ያጎታችን ልጅ ዘመኑ አዲስ አበባ የሚሄደው መቼ ነው አለችኝ።

እንግዲህ ያመጣችልሽ እሷው ናት። ዘመኑ አዲስ አበባ ድረስ ያመጣታል፤ ከዚያ አዛናው እንዲቀበላት ነግሬዋለሁ፤ ላንቺ እንዳይናገርም አስጠንቅቄዋለሁ። ጌሾውን በገዛ ቁናዋ ሰፍራ ይዛዋለች። ደብዳቤውን በመቀነቷ እንደምትቋጥረው ሳስብ ከወዲሁ ሳቄ ይመጣል፤ የገዛ ምሥጢሯን ተሸክማ ያን ሁሉ አገር ልታቋርጥ ነው።

አሁን አደራዬን ስሚ። ውሃው ሰባ ሁለት ሊትር ነው፤ ባለ ሃያ ጀሪካን ሦስት፣ በላዩ ዐሥራ ሁለት ጣሳ። ጣሳዋን ልኬልሻለሁ። እማዬ በዓይኗ ልስፈር ማለቷ አይቀርም፤ ተያት ትስፈር፣ ጠላው የእሷ ነው። አንቺ ግን ውሃውን ቀድመሽ አስሞልተሽ ጠብቂያት፤ አንድ ጀሪካን እንኳ እንዳታስነሻት። እዚህም ከእንግዲህ ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። ጋን በጠጠር ይደገፋል አይደል? ጠጠሩ ዘግይቶ ነው የነቃው እንጂ።

ለአዛናው ሰላም በይልኝ። ለአማትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ በክርስትናው ቀን ጫማቸው እንደማይጠፋ ዋስ ነኝ በያቸው። ለዚያች ጎረቤትሽም ሰላም በያት፤ ዐሥራ ሁለት ሊትሯን ግን ትተውልን። ፋና ሕሊናን በሁለት ጉንጯ ስማለች፣ እትዬ ፋጢማም ማሩን ከምርቃት ጋር ልከውልሻል።

እማዬ ይህን ደብዳቤ አንብቢልኝ ትልሻለች። ስለ ወገቧ የጻፍኩትን ዝለይው። መዝለል ካልሆነልሽ፣ መጀመሪያ ሕሊናን አሳዝያትና ልጅቷ ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት አንብቢላት። ያኔ ብትናደድም አትጮህም፤ ልጅ ትነቃባታለች።

ወንድምሽ አለበል
ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.